«ስንት እብድ እንዳለን ቆጥረን ምን እናደርጋለን?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጽሑፍ ሰጥታኝ አነበብኩ። የማኅበረሰቡን የአእምሮ ጤና ለማወቅ ቤት ለቤት የሚካሄደውን የዳሰሳ ጥናት፣ ማለትም ቅኝት፣ የሚቃወም ጽሑፍ ነው። ክርክሩ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ችግሩን ሁሉም ስለሚያውቀው መለካት አያስፈልግም፤ መጠይቆቹ ከውጭ የመጡ ስለሆኑ የእኛን ሰው ስቃይ አይለኩም፤ ሕዝባችን ገመናውን ለእንግዳ አያወጣም፤ መረጃ ካስፈለገም የሆስፒታል መዝገብ ይበቃል፤ የአእምሮ ሕመም የሐኪም ጉዳይ እንጂ የሴፍቲኔት (መንግሥት ለድሆች የሚሰጠው ድጋፍ) ጉዳይ አይደለም፤ ጠበልና ዕድር እያሉን ለጥናት ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው፤ በዚያ ላይ ሰውን መቁጠር ስም መለጠፍ ነው። መዝጊያው ላይ ጸሐፊው «ስንት እብድ እንዳለን ቆጥረን ምን እናደርጋለን? ለቆጠራው የሚወጣው ብር መድኃኒት ይገዛበት» ይላሉ።

መጀመሪያ ሳነበው ተቆጣሁ። አድሬ ደግሜ ሳነበው ግን ጸሐፊው ለሕሙማን የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸውን አየሁ። የሚያሳስባቸው የታመመው ሰው ነው፤ እኔንም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ነርስ ከመሆኔ በፊት ደግሞ መጠይቅ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከቀበሌ ቀበሌ የዞርኩ መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። ስለዚህ ነጥባቸውን እየተከተልኩ የማውቀውን ልመልስላቸው። «እብድ» የሚለውን ቃል ግን ከእሳቸው ከጠቀስኩት ውጭ አልጠቀምበትም።

«ችግሩን ሁሉም ያውቀዋል» በሚለው ልጀምር። ሁሉም የሚያውቀው በአስፋልት ዳር ልብሱን ጥሎ የሚሄደውን፣ አውቶቡስ ተራ ላይ ብቻውን የሚናገረውን ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ቡታጅራና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የተካሄደው ጥናት ግን ያሳየን ሌላ ነገር ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤታቸው ድረስ ተሄዶ ተጠየቁ። ከአንድ ሺህ ሰው ውስጥ 5 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ሐሳብን የሚያዛባ ሕመም)፣ 5 ያህሉ ደግሞ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) እንደያዛቸው ታወቀ። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ጎዳና ላይ አልነበሩም። ከእናት ከአባታቸው ጋር በጎጆ ውስጥ ነበሩ። ከ10ሩ 9ኙ ገደማ ዘመናዊ ሕክምና የሚባል አግኝተው አያውቁም። ይህን «ሁሉም የሚያውቀው» ጉዳይ ማለት አይቻልም፤ ከመጠየቁ በፊት ቁጥሩን በእጁ የያዘ አንድም ባለሥልጣን፣ አንድም ሐኪም አልነበረም።

«ቆጥረን ምን እናደርጋለን?» ለሚለው ደግሞ ስሌቱን አብረን እንሥራ። 160 ሺህ ሕዝብ ያለው ወረዳ ውሰዱ። በግርድፉ ግማሹ ጎልማሳ ነው እንበል፤ 80 ሺህ። በቡታጅራው መጠን ብንሄድ በዚያ ወረዳ ወደ 800 የሚሆን ከባድ የአእምሮ ሕመም የያዘው ሰው አለ ማለት ነው። እያንዳንዱ በቀን አንድ እንክብል ብቻ ቢወስድ በወር 24 ሺህ እንክብል ያስፈልጋል። አሁን ወደ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል እንግባ። ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚጠይቀው ባለፉት ወራት በወጣው ልክ ነው። ባለፉት ሁለት ወራት ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የወሰዱ 12 ሰዎች ከነበሩ፣ የሚጠየቀው ለ12 ሰው የሚበቃው ነው። የተጠየቀው ለ12 ሰው ስለሆነ የሚመጣው ለ12 ነው። 13ኛው ሰው ወንድሙ ይዞት ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዞ ሲመጣ «አልቋል» ይባላል። ሁለተኛ አይመጣም። የመድኃኒት መዝገቡም «12 ሰው» እያለ ይቀጥላል። ይህን አዙሪት ከውጭ ገብቶ የሚሰብረው «በዚህ ወረዳ ያሉት 12 ሳይሆኑ ወደ 800 ናቸው» የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ጸሐፊው ብሩ መድኃኒት ይገዛበት ያሉት ልክ ነው። ስንት እንክብል? ለየትኛው ጤና ጣቢያ? ይህን የሚመልሰው ያው የሚቃወሙት ቆጠራ ነው።

የቡታጅራው ቁጥር ደግሞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አልቀረም። የአገራችን የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ የአእምሮ ሕመም በገጠር ከጠቅላላው የበሽታ ጫና (ሕመምና ሞት በሕዝቡ ላይ ከሚያደርሱት ጉዳት) 11 በመቶውን እንደሚይዝ ጠቅሶ ነው የተከራከረው። ይህ መረጃ የተገኘው ከዚያው ከቡታጅራ ነው። ቀጥሎም እዚያው አጠገብ በሶዶ ወረዳ፣ በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች እንዲከታተሉ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የዚያ አካባቢ ጥናት 329 ሰዎችን ተከታትሎ፣ በጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚሰጠው ክትትል በእኔ ሙያ ማለትም በአእምሮ ጤና ነርስ ከሚሰጠው እንደማያንስ አረጋገጠ። የራሴን ሥራ የሚነካ ውጤት ነው፤ ግን ስንት ሰው ቡታጅራ ሆስፒታል ለመድረስ የሚያወጣውን የመኪና ሒሳብ እንደሚያስቀር ስለማውቅ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ መጠይቆቹ ከውጭ የመጡ ናቸው ስለሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ያንን ግማሽ እኔም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። መረጃ ሰብሳቢ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ «ድብርት ይሰማዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው ቀና ብለው ሰማዩን አዩና «ዛሬስ ደመናው ከብዷል» አሉኝ። የጠየቅኳቸው ስለ አየሩ መስሏቸው ነው። ቃሉን ለውጬ «ሆድዎን ባር ባር ይለዋል?» ስላቸው ዝም አሉ፤ ከዚያ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍ ባይናቸው እንደማይዞር ነገሩኝ። ሰውየው ያው ናቸው፤ ሕመማቸውም ያው ነው፤ የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው። የእኛ ሰው ጭንቀቱን በሰውነቱ ይናገራል። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ጨጓራዬ ተቃጠለ፣ ልቤ ይመታል፣ ሰውነቴ ዛለ ይላል። ይህን የማያውቅ መጠይቅ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ነገር ግን ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህንኑ እንደደረሱበትና እንዳረሙት አላነሡም። በቦረና አርብቶ አደሮች መካከል የተካሄደ አንድ ጥናት ዓለም አቀፉን የምርመራ መጠይቅ ይዞ ሄዶ አንድም የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኛ ሳያገኝ ተመለሰ። ቸልተኛ ሰው ቢሆን «ቦረና ውስጥ ይህ ሕመም የለም» ብሎ ይዘጋው ነበር። ዶክተር ተሾመ ሽብሬ፣ ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ግን ተመልሰው ሄዱ። በዚህኛው ጊዜ ሰዎቹን ሰብስበው «እናንተ አእምሮው ታመመ የምትሉት ምን ዓይነቱን ሰው ነው? በቋንቋችሁስ ምን ትሉታላችሁ?» ብለው በአካባቢው አነጋገር ጠየቁ። ሕመምተኞቹ ተገኙ። መጀመሪያም የነበሩ ናቸው፤ ጥያቄው ነው ያልደረሰባቸው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በቡታጅራም እንዲሁ፣ በወለዱ እናቶች ላይ የሚታየውን ጭንቀትና ድባቴ ለመለየት በብዙ አገር የሚሠራበት የኤድንበርግ መጠይቅ በገጠር እናቶቻችን ላይ ሲፈተሽ ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ 20 ጥያቄዎች ያሉት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ተሻለ። መጠይቅ እንዲህ ተፈትሾ ይጣላል ወይም ይያዛል። ከውጭ ስለመጣ ብቻ የሚጣል ከሆነማ ቴርሞሜትሩንም መጣል ሊኖርብን ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ ያስጨነቀኝ ነው። «ሕዝባችን ገመናውን ለእንግዳ አያወጣም፤ ስለዚህ የሚሰበሰበው ቁጥር ውሸት ነው» ይላሉ። አያወጣም፤ እውነት ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ወሩ ሐምሌ ነበር። ዝናቡ የእንሰቱን ቅጠል ይደበድባል። ከአንዲት እናት ጋር ምድጃ አጠገብ ተቀምጠን 20ውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ራስዎን ያምዎታል? የለም። እንቅልፍ ይነሣዎታል? የለም። በቀላሉ ይደነግጣሉ? የለም። ከሃያው ውጭ ደግሞ፣ በቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ የለም። ሃያውንም «የለም» ብዬ ሞልቼ ተነሣሁ። እስከ አጥሩ ድረስ ሸኙኝ። አጥሩ ጋ ስንደርስ ግራ ቀኙን አይተው «ልጄ፣ ያ የጻፍሽው ወረቀት ይጠፋል?» አሉኝ። አይጠፋም አልኳቸው። «እንግዲያውስ አንድ ሰው ጨምሪበት» አሉና በእንሰቱ መካከል ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከከብቶቹ ቤት ጎን ባለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ልጃቸው ተቀምጧል። አንድ እግሩ በሰንሰለት ከምሰሶው ጋር ታስሯል። የለበሰው ጋቢ ንጹሕ ነው፤ በዚያ ጭቃ እንዴት እንዳነጡት አላውቅም። ሰንሰለቱ ቁርጭምጭሚቱን እንዳይልጠው ከሥሩ ጨርቅ ጠምጥመውበታል፤ ጨርቁም የታጠበ ነው። «ስድስት ዓመቱ» አሉኝ። «ጫካ ገብቶ እንዳይጠፋብኝ ነው እንጂ ጠልቼው አይደለም።» ከዚያ በዓይኔ እያዩኝ «ትመለሻለሽ?» አሉ። አዎ አልኩ።

ጸሐፊው ይህን ቢሰሙ «ይኸው! መጠይቁ ምንም አላገኘም» እንደሚሉ አውቃለሁ። መጠይቁ ብቻውን አላገኘም። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች በአንድ መንገድ ብቻ የማይሄዱት ለዚህ ነው። በቡታጅራ ቤት ለቤት ከተጠየቀው ጎን ለጎን የአካባቢውን ሁኔታ የሚያውቁ ሰዎችም ተጠይቀዋል። የዕድር ዳኛው፣ አዋላጇ፣ የሃይማኖት አባቱ ምልክቶቹ ይነገሯቸዋል፤ በመንደሩ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ያመለክታሉ። ሁለቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ እያንዳንዱ ሌላው የሳተውን ሰው ያገኛል። ጠባዩ ለሁሉም የሚታየውን ሕመምተኛ ጎረቤት በቀላሉ ያመለክታል፤ በውስጡ የሚብሰለሰለውን ግን ጎረቤት አያየውም፤ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ገመና መደበቁ ቅኝት እንዴት መሠራት እንዳለበት ይነግረናል፤ አይሠራ የሚል ትርጉም ግን የለውም።

የሚደበቅበት ምክንያት ራሱም ተጠንቷል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ዘመዶች በዚያው አካባቢ ሲጠየቁ ከአራቱ ሦስቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። እኚያ እናት ሃያ ጊዜ «የለም» ያሉት ዋሽተው አይደለም። ሴት ልጅ አላቸው፤ እሷን የሚያገባ እንዳይጠፋ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አድገናል፤ እሳቸውም ተረቱን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም።

«የሆስፒታል መዝገብ ይበቃል» የሚለውን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ከላይ ያልኩት ይመልሰዋልና። መዝገብ የሚነግረን የመጣውን ሰው ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ሲሠራ፣ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው መርካቶ ድረስ የሚያመጣው ዘመድና የመሳፈሪያ ገንዘብ የነበረው ሰው ነው። ከቤት የማትወጣ እናት፣ በመንፈስ ነው ተብሎ የተተወ ወጣት እዚያ መዝገብ ላይ የሉም። ርቀቱ ብቻም አይደለም። በካናዳ ቶሮንቶ፣ ሐኪም ቤት ጎረቤት በሆነበት ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተጠንተው ነበር። ድባቴ በሕይወት ዘመኑ ያገኘው ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ነው። የአእምሮ ጤና ችግር ከነበረባቸው ውስጥ ግን ከ8 ሰው 1 ብቻ ነው ወደ ጤና ባለሙያ የሄደው። የቶሮንቶ ሆስፒታሎች መዝገብ ብቻ ቢታይ ኢትዮጵያዊው ደኅና ነው ይባል ነበር።

አሁን በጣም የምለያይበት ነጥብ ላይ ደረስኩ። «የአእምሮ ሕመም የሐኪም ጉዳይ ነው፤ ሴፍቲኔትና የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ምን አገናኘው?» የሚለው። ጸሐፊው አንድ ቀን እኔ በምሠራበት ክፍል ቢቀመጡ ይህን ዓረፍተ ነገር የሚሰርዙት ይመስለኛል።

አንድ ወጣት መድኃኒት ጀመረ። በሁለተኛው ወር ተሻለው፤ ብቻውን መናገሩን ተወ፤ ፊቱን መታጠብ ጀመረ። በአራተኛው ወር ቀረ። በስድስተኛው ወር ወንድሙ መልሶ አስሮ አመጣው። «ለምን አቆምክ?» ስለው አንገቱን ደፋ። ወንድሙ ነው የመለሰልኝ፦ «መድኃኒቱ ያስርበዋል፣ እህት። እህሉ ደግሞ የለም።» ስኪዞፍሬንያን ከምናክምባቸው መድኃኒቶች ውስጥ የምግብ ፍላጎትን የሚጨምሩ አሉ። በባዶ ሆድ የዋጣቸው ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይዝላል፣ የሚበላው ካላገኘም ይተዋቸዋል። በአገራችን ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ ሲጠየቁ፣ ዋና ሆኖ የወጣው ምክንያት የሚበላ በቂ ምግብ ማጣት ነበር። በሶዶ ወረዳ ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከሚኖርባቸው ቤቶች 32.5 በመቶው በከባድ የምግብ እጥረት ውስጥ ሲገኙ፣ ሕመምተኛ በሌለባቸው ቤቶች 15.9 በመቶ ነበር። እጥፍ ነው።

ይህን ቁጥር የያዘ ሰው ወደ ማን ይሂድ? ወደ እኔ? እኔ ያለኝ ሃሎፔሪዶል እንጂ ጤፍ አይደለም። መሄድ ያለበት የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ወደሚመለመልበት የቀበሌ ኮሚቴ ነው። ልማታዊ ሴፍቲኔት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር ጉልበት ያለው በሥራ፣ መሥራት የማይችል ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ እንዲታቀፍ ተብሎ ነው የተዘረጋው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሁለቱም መስመር መካከል ሊወድቅ ይችላል። ኮሚቴው ሲያየው እጅና እግሩ ሙሉ ነው፤ «ጉልበት አለው» ይባላል። የሥራ ቦታው ላይ ደግሞ መዋል አይችልም። ስብሰባ ላይ ቀርቦ ስለራሱ አይናገርም፤ እናቱም ስለማታወጣው አትናገርለትም። ወረዳው በየቀበሌው ስንት እንዲህ ያለ ቤት እንዳለው ካወቀ መመሪያው ላይ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይቻላል፤ ለማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮ መክፈል ለማይችሉት መንግሥት በሚከፍልበት ዝርዝር ውስጥም ማካተት ይቻላል። እነዚህ ሁለት ውሳኔዎች አንድም ሐኪም አይጠይቁም።

ነገሩ የሞት ጉዳይ ጭምር ነው። በቡታጅራ ከተገኙት ሕሙማን 919ኙ ለ10 ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው፣ ከመካከላቸው የሞቱት ከሌላው ሕዝብ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው ነበር። ግማሾቹን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። ሰውየው አእምሮው ስለታመመ ሳሉን የሚያዳምጥለት የለም፤ በቂ ምግብም አያገኝም። ለዚህ ሞት የአእምሮ ጤና ክፍል ብቻውን መልስ የለውም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፤ ቁጥር ሁሉ መድኃኒት ይጠይቃል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቡታጅራ ከ10 ሺህ በላይ ጎልማሶች በ20ው ጥያቄ ተጠይቀው 17.4 በመቶው ከፍተኛ የመንፈስ ጭንቀት እንዳለባቸው ተገኘ። ይህ 17.4 በመቶ ሁሉ ታሟል፣ እንክብል ይታዘዝለት የሚል ሰው ቢኖር እኔ ራሴ እከራከረዋለሁ። ጭንቀቱ የበዛው በማን ላይ እንደሆነ ሲታይ በሴቶች፣ በዕድሜ በገፉ፣ ፊደል ባልቆጠሩ፣ ባል በሞተባቸው ወይም በተፋቱ ሰዎች ላይ ነው። ይህ ቁጥር የሚሄደው ወደ ጎልማሶች ትምህርት፣ ወደ አረጋውያን ድጋፍ፣ የመሬት ክርክር ላይ ያለች መበለት ጉዳይዋ ቶሎ ወደሚታይበት ፍርድ ቤት ነው። ፖሊሲ አውጪው ይህን ልዩነት ማወቅ አለበት፤ ካላወቀው ወይ ለሐዘን መድኃኒት ያድላል ወይ ለሕመም ምክር ብቻ ይሰጣል። በጦርነት ባለፉት አካባቢዎቻችን ደግሞ ይህን መለየት አስቸኳይ ነው። በግጭት ውስጥ ካለፈ ሕዝብ ከ5 ሰው 1 ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር እንደሚኖርበት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ ከእነዚህ መካከል የትኛው ጎረቤትና ሥራ ሲመለስለት የሚያገግም፣ የትኛው ሕክምና የሚሻ እንደሆነ ግምት አይነግረንም።

ስለ ጠበልና ስለ ዕድር። እኔም ጠበል እጠመቃለሁ። ጸሐፊው ዕድርን፣ ቤተ ክርስቲያንን፣ መስጊድን የማኅበረሰባችን ምሰሶዎች ሲሏቸው ከልቤ እስማማለሁ። ግን ቅኝትን በእነሱ ፋንታ የመጣ ጠላት አድርገው ማቅረባቸው አላሳመነኝም። ብዙ ሕመምተኛን መጀመሪያ የሚያገኘው ጠበል ቦታው ነው፤ ይህን ያወቅነውም ሕሙማኑን «መጀመሪያ የት ሄዳችሁ?» ብለን ስለጠየቅን ነው። መልሱ ስለተሰማ ዛሬ ከጠበል ቦታ አባቶች ጋር ተነጋግሮ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ ማስኬድ ይቻላል የሚል ሐሳብ በባለሙያዎች ዘንድ ቦታ አግኝቷል። ዕድሩም ቢሆን ለቀብርና ለሐዘን የጠነከረ ነው፤ ስድስት ዓመት ታስሮ ለሚኖር ሰው መዋጮ የለውም። እንዲኖረው የሚፈልግ የዕድር ዳኛ ደግሞ በአባላቱ ቤት ስንት እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ማወቅ ይኖርበታል።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ስም መለጠፍ። ጸሐፊው እዚህ ላይ የሚፈሩት ነገር እውነተኛ አደጋ ነው። የቀበሌ ሊቀመንበር እጅ የገባ «የእነ እገሌ ልጅ ያመዋል» የሚል ዝርዝር ጋብቻ ያፈርሳል፣ ቤት ያስለቅቃል። ስለዚህ ለፖሊሲ የሚሄደው ቁጥር ስም የለበትም፤ ቀበሌና ብዛት ብቻ ነው። ስሙ የሚቀመጠው ለብቻው ተቆልፎ ነው፤ የሚከፈትም ለሕክምና ሲሆን፣ ሰውየው ወይም የሚያስታምመው ሲፈቅድ ነው። ጠያቂውም ጎረቤት በተሰበሰበበት አይጠይቅም። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለው የተናገረ ሰው ደግሞ መልሱ ወረቀት ላይ ሰፍሮ አይታለፍም፤ በዚያው ቀን ከጤና ባለሙያ ጋር መገናኘት አለበት። ይህ ያልተሟላበት ቅኝት ሲገጥማቸው ጸሐፊው ቢቃወሙ አብሬአቸው እቆማለሁ።

አንድ ክስ ግን ጽሑፋቸው ውስጥ በግልጽ ያላነሡት፣ ከመስመሮቹ ሥር ግን የተሰማኝ አለ። መጥታችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ጽፋችሁ ትሄዳላችሁ፣ እኛ እዚያው ነን የሚል። ለዚህ ክስ መከላከያ የለኝም። እኔ ያንን ሐምሌ ስሠራበት የነበረው ጥናት የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ተዘጋ። የልጁን ነገር ለተቆጣጣሪዬ ነገርኩት፤ በመጠይቁ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ ያዘው። ለሕክምና የተያዘ ገንዘብ አልነበረም። ለእኚያ እናት «አዎ» ብያቸው አልተመለስኩም። ነርስነት የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የተመደብኩትም ሌላ ዞን ነው።

አሁን የቅኝት ዕቅዶች ለአስተያየት ወደ እኔ ሲመጡ ገጾቹን ገልጬ መጀመሪያ የምፈልገው የናሙናውን ብዛት አይደለም። የበጀት ሠንጠረዡን አወጣለሁ፤ ታሞ ለተገኘ ሰው የመድኃኒትና የመጓጓዣ መስመር አለ ወይ? የሥራ ሰሌዳውን አወጣለሁ፤ ውጤቱን ይዘው ወደ ቀበሌው የሚመለሱበት ቀን ተጽፏል ወይ? ካልተጻፈ አልፈርምም። ጸሐፊውም እነዚህን ሁለት መስመሮች ከእኔ ጋር ሆነው ቢጠይቁልኝ እወዳለሁ።